የድሮ ባለሁለት አሞርዛተር የተራራ ብስክሌት፦ መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ መግዛት

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ፣ ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ያላቸው የተራራ ብስክሌቶች በጊዜያቸው ዋጋቸው የማይቀመስ ነበር። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ በርካሽ ይገኛሉ። ፍሬማቸው በጥንቃቄ የተሠራ፣ ቀለማቸው ዓይን የሚስብ፣ ታሪካቸውም ደስ የሚል ነው። ችግሩ የሚመጣው ከተገዙ በኋላ ነው። የኋላው አሞርዛተር ዘይት ያንጠባጥባል፣ የፊቱ ፎርክ ደርቆ አልታመቅ ይላል፣ ዕቃ ፍለጋ ሱቅ ሲኬድ ደግሞ ሻጩ ራሱን ይነቀንቃል።

ነገሩ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። የእነዚህ ብስክሌቶች አብዛኛው ዕቃ ዛሬም ይገኛል፤ የማይገኘው ጥቂት ነው። ገዢው ማወቅ ያለበት የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ቁም ነገር ዕቃውን በስም ሳይሆን በሚሊሜትር መፈለግ ነው። “ለትሬክ የሚሆን አሞርዛተር አለ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። “165 በ38 አለ?” ብሎ የሚጠይቅ ያገኛል።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ ከየት መጣ?

የተራራ ብስክሌት በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ በ1970ዎቹ ሲወለድ አሞርዛተር የሚባል ነገር አልነበረውም። የነጂው ክርንና ጉልበት ነበር ድንጋዩን የሚችለው። በ1989 ፖል ተርነር የመሠረተው ሮክሾክስ የመጀመሪያውን ፎርኩን ለገበያ አቀረበ። በ1990 በኮሎራዶ ዱራንጎ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የቁልቁለት ውድድሩን ግሬግ ኸርቦልድ ባለ አሞርዛተር ፎርክ በተገጠመለት ብስክሌት አሸነፈ። ከዚያ በኋላ አምራቾች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ኋላው ጎማ አዞሩ።

ያኔ ትክክለኛው መንገድ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መንገድ ሞከረ። ስፔሻላይዝድ በኋላው አክስል አጠገብ መታጠፊያ ያለው ኤፍኤስአር የተባለ አሠራር ያዘ። ትሬክ የ“ዋይ” ፊደል ቅርጽ ያለው የካርቦን ፍሬም አወጣ። ካኖንዴል አሞርዛተሩን በመሪ ቱቦው ውስጥ የደበቀ ፎርክ ሠራ። ጂቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ አይድራይቭ የተባለውን፣ የፔዳሉን አክስል ከሁለቱም ፍሬሞች ለይቶ በራሱ ቀለበት የሚያንቀሳቅስ አሠራር አመጣ። ለእያንዳንዱ አሠራር የተለየ ብሎን፣ የተለየ ቡሽንግ (ብሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት)፣ የተለየ አሞርዛተር ተሠራ።

ከዚያ ደግሞ ኩባንያዎቹ እጅ ቀየሩ። ጂቲ በ2001 ለኪሳራ ተዳረገ፣ ሮክሾክስ በ2002 ስራም ለተባለው ኩባንያ ተሸጠ፣ ካኖንዴል በ2003 ኪሳራ አወጀ። አዲሶቹ ባለቤቶች የአሥር ዓመት ዕድሜ ላለው ሞዴል መለዋወጫ ማምረት የሚያዋጣቸው አልሆነም። ከ2010 ወዲህ በተከታታይ የመጡት አዳዲስ ልኬቶች፣ ማለትም ትልልቅ ጎማዎች፣ ሰፋፊ አክስሎችና ወፋፍራም የፎርክ አንገቶች፣ የቀረውን መንገድ ዘጉት። የዛሬ ሱቅ የሚሸጠው ለዛሬ ብስክሌት ነው።

ገንዘብ ሳይከፈል የሚደረግ ምርመራ

ብስክሌቱን ሲያዩ በመጀመሪያ ፍሬሙን ይመርምሩ፤ ፍሬም የተሰነጠቀበት ብስክሌት የቱንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ በእጅ ባትሪ እያበሩ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። በተለይ ከመሪው ቱቦ በታች ያለውን ብየዳ፣ አሞርዛተሩ የታሰረባቸውን ጆሮዎች፣ የሴላው ምሰሶ የሚገባበትን ስንጥቅ ጫፍና በመታጠፊያዎቹ ዙሪያ ያለውን ብረት። በቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካዩ በጣትዎ ጥፍር ይዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ መስመር ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። አሉሚኒየም ደግሞ ሰፈር ባለ ብየዳ ቤት የሚጠገን አይደለም። ከብየዳ በኋላ በልዩ የሙቀት ሕክምና ጥንካሬው ካልተመለሰለት እዚያው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ መታጠፊያዎቹ ይፈተሻሉ። ብስክሌቱን በሁለት ጎማው አቁመው ሴላውን ይጨብጡና በጣም ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሱት። የኋላው ጎማ ከመሬት ሳይለቅ ሴላው ትንሽ ከፍ ብሎ “ቀጭ” የሚል ነገር ከተሰማ የአሞርዛተሩ ቡሽንግ ወይም የመታጠፊያ ኩሽኔታ አልቋል። ከዚያ ፍሬሙን በአንድ እጅ ይዘው የኋላውን ጎማ ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት። የኋላው ፍሬም ከፊተኛው ተለይቶ ከተወዛወዘ መታጠፊያው ሥራ ይፈልጋል። ይህ በራሱ ብስክሌቱን አያስጥልም፤ ዋጋ ግን ያስቀንሳል።

በመጨረሻ የሴላውን ምሰሶ ማጥበቂያ ፈትተው ምሰሶውን ለማዞር ይሞክሩ። ለዓመታት ሳይነቃነቅ የቆየ የአሉሚኒየም ምሰሶ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፤ እሱን ማውጣት ደግሞ ፍሬሙን እስከማበላሸት ሊያደርስ ይችላል።

የኋላ አሞርዛተር፦ አራት ቁጥሮች

የድሮ ባለሁለት አሞርዛተር ብስክሌት ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አሞርዛተሩን ከፍሬሙ ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና በካሊፐር ወይም በጥሩ ማስመሪያ አራት ነገር ይለኩ።

አንደኛው ርዝመቱ ነው። ይህ ከአንዱ የብሎን ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው የብሎን ቀዳዳ መሃል ያለው ርቀት ሲሆን፣ የሚለካው አሞርዛተሩ ምንም ሳይጫንበት ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ነው። ሁለተኛው የመታመቅ ርቀቱ ነው፤ ዘንጉ ወደ ውስጥ ሊገባ የሚችልበት ሙሉ መጠን። በዘመኑ የተለመዱት በኢንች የተሠሩ ልኬቶች ናቸው፤ በሚሊሜትር 165 በ38፣ 190 በ51፣ 200 በ51፣ 200 በ57 ተብለው ይጠራሉ። ሦስተኛው አሞርዛተሩ በፍሬሙ ጆሮዎች መካከል የሚቀመጥበት ስፋት ነው። አራተኛው የብሎኑ ውፍረት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 6፣ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ነው። ስፋቱና ብሎኑ ለላይኛውና ለታችኛው ጆሮ ሊለያዩ ስለሚችሉ ሁለቱም ለየብቻ ይለካሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ2016 ሮክሾክስ አዲስ የሚሊሜትር ልኬቶችን አስተዋወቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ከአዲሶቹ መካከል 190 በ45 የሚባል አለ። አሮጌው 190 በ51 የሚፈልግ ሰው “190” የሚለውን ብቻ አይቶ ቢገዛ ርዝመቱ ይገጥማል፤ የመታመቅ ርቀቱ ግን 6 ሚሊሜትር ያንሳል። ጎማው የሚንቀሳቀስበት ርቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የተገላቢጦሹ ስሕተት ይብሳል። 38 ሚሊሜትር የሚታመቅ አሞርዛተር የኋላውን ጎማ 100 ሚሊሜትር የሚያንቀሳቅስበት ፍሬም እናስብ። እያንዳንዱ የአሞርዛተር ሚሊሜትር ለጎማው 2.6 ሚሊሜትር ያህል ነው ማለት ነው። በዚያው ርዝመት 6 ሚሊሜትር የበለጠ የሚታመቅ አሞርዛተር ቢታሰርበት ጎማው ወደ 16 ሚሊሜትር ተጨማሪ ይወጣል። ያ ጎማው የሴላውን ቱቦ እንዲመታ ወይም የኋላው ፍሬም ከፊተኛው ጋር እንዲጋጭ ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ አዲስ አሞርዛተር ሲታሰር ከመነዳቱ በፊት የሚደረግ ፈተና አለ። የአየር ከሆነ አየሩን ያስወጡ፣ የሞላ ከሆነ ሞላውን ያውልቁ፤ ከዚያ የኋላውን ጎማ በእጅዎ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይግፉት። ጎማው፣ ሰንሰለቱና የአሞርዛተሩ አካል ምንም ሳይነኩ መንቀሳቀሳቸውን ይመልከቱ። በተለይ ጎናቸው ላይ የዘይት ጣሳ የተለጠፈባቸው አሞርዛተሮች ጠባብ ፍሬም ውስጥ ላይገቡ ይችላሉ።

የሞላ አሞርዛተር ከሆነ ሞላው ላይ የታተሙ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ “550 በ2.00”። የመጀመሪያው የጥንካሬው መጠን ሲሆን፣ ሞላውን አንድ ኢንች ለማመቅ ስንት ፓውንድ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ሁለተኛው ሞላው በኢንች ሊታመቅ የሚችልበት ርቀት ነው። ይህ ሁለተኛ ቁጥር ከአሞርዛተሩ የመታመቅ ርቀት ማነስ የለበትም፤ ካነሰ አሞርዛተሩ ሳይጨርስ የሞላው ቀለበቶች ተደራርበው ይቆማሉ። ትክክለኛውን ጥንካሬ ለማወቅ ነጂው ሙሉ ትጥቁን ይዞ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ አሞርዛተሩ ከሙሉ ርቀቱ ሩብ ያህል ከወረደ ልክ ነው። ለ38 ሚሊሜትር ይህ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ይሆናል።

አሮጌውን አሞርዛተር ለመጣል ግን አይቸኩሉ። ዘንጉ ካልተቧጠጠና አካሉ ካልተጎዳ ጎሚኒዎቹንና ዘይቱን ቀይሮ መልሶ የሚሠራ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከምትክ ፍለጋ ይልቅ እድሳት ይመረጣል፤ የፍሬሙ ልክ ሳይዛባ ይቆያልና።

መታጠፊያዎች፦ ኩሽኔታ ቁጥር አለው

ሰዎች በጣም የሚፈሩት፣ እውነቱ ሲታይ ግን ቀላሉ ሥራ ይህ ነው። አብዛኞቹ መታጠፊያዎች ውስጥ ያለው ተራ የኢንዱስትሪ ኩሽኔታ ነው። አቧራ መከላከያው ላስቲክ ላይ ያለውን ቅባት ሲጠርጉ ቁጥር ያገኛሉ። 608 ከሆነ የውስጥ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው። 6900 ከሆነ 10፣ 22 እና 6፤ 6001 ከሆነ 12፣ 28 እና 8 ነው። ቁጥሩ ቢጠፋ እንኳ ሦስቱን ልክ በካሊፐር ወስዶ ማመሳከር ይቻላል። ከቁጥሩ ቀጥሎ “2አርኤስ” የሚለው ምልክት በሁለቱም ጎን የላስቲክ መከላከያ እንዳለው ያመለክታል፤ ለጭቃ የሚፈለገውም እሱ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በዓለም ዙሪያ አንድ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የማሽን ኩሽኔታ የሚሸጥ ሱቅም ሆነ ዴንቨር ያለ የኢንዱስትሪ ዕቃ መደብር በዚሁ ቁጥር ነው የሚሸጠው። የብስክሌቱን ስም መናገር አያስፈልግም።

አንዳንድ ፍሬሞች በኩሽኔታ ፋንታ የነሐስ ወይም የፕላስቲክ ቡሽንግ አላቸው። እሱ ካለቀና ምትክ ከጠፋ ናሙናውን ይዞ ጥሩ ቶርኖ ቤት መሄድ ነው፤ ቀላል ክብ ቡሽንግ ለቶርኖ ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። የመታጠፊያ ብሎኖች ግን በሌላ ብሎን በዘፈቀደ አይተኩም። ጥርሳቸው፣ ርዝመታቸውና ጥንካሬያቸው አንድ መሆን አለበት። ኩሽኔታ ሲገባም የሚገፋው በውጭኛው ቀለበቱ ነው። በውስጠኛው ቀለበት በመዶሻ የተመታ አዲስ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ተጎድቷል።

ፎርክና አንገቱ

የድሮ ፎርኮች ብዙዎቹ በሞላ ቦታ ኤላስቶመር የሚባል ላስቲክ ነበራቸው። ላስቲክ በዕድሜ ይደነድናል ወይም ይፈረፈራል፤ ሳይሸጥ በካርቶኑ የቆየ ፎርክም ከዚህ አያመልጥም። “አዲስ፣ ያልተነካ” የሚባል የ1990ዎቹ ፎርክ ሲገዛ የውስጥ ላስቲኩ እንደሚቀየር አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ፎርኩን በሌላ ለመተካት ሦስት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው የአንገቱ ውፍረት ነው። በዘመኑ የተለመደው ኢንች ከስምንተኛ፣ ማለትም 28.6 ሚሊሜትር፣ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ አንገት ነው። ከዚያ ቀደም ያሉት 1 ኢንች ወይም ኢንች ከሩብ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ካኖንዴል ደግሞ 1.56 ኢንች የሆነ የራሱ ሰፊ ቱቦ ነበረው፤ እሱን ወደ ተለመደው የሚያጠብ የአንገት ኩሽኔታ ይገኛል። ታቹ የሰፋ የዛሬ ፎርክ በድሮው ቱቦ አይገባም። ሁለተኛው የአንገቱ ርዝመት ነው። ያገለገለ ፎርክ ሲገዛ አንገቱ ለቀድሞው ባለቤት ፍሬም ተቆርጧል፤ ለእርስዎ ካጠረ ዋጋ የለውም። ሻጩ አንገቱን በሚሊሜትር ለክቶ እንዲነግርዎ ይጠይቁ። ሦስተኛው የፎርኩ ቁመት ነው። ለ80 ሚሊሜትር የታሰበ ፍሬም ላይ 130 ሚሊሜትር የሚታመቅ ፎርክ መስቀል የመሪውን አቅጣጫ ያዛባል፤ በግምት በየ20 ሚሊሜትሩ የመሪው ዘንበልታ በአንድ ዲግሪ ይለወጣል። ከዚህም በላይ የመሪው ቱቦ ብየዳ ያልታሰበለትን ኃይል ይሸከማል።

ጎማ፣ አክስልና ፍሬን

እነዚህ ብስክሌቶች ባለ 26 ኢንች ጎማ ናቸው። የቸርኬው ልክ 559 ሚሊሜትር ሲሆን ጎማና ከመነዳሪው እስከ ዛሬ ይመረታል። የኋላው አክስል አብዛኛውን ጊዜ 135 ሚሊሜትር፣ የፊቱ 100 ሚሊሜትር ነው። 148 ሚሊሜትር የሆነው የዛሬ የኋላ ሞዞ አይገባም። ፍሬሙን በጉልበት ከፍቶ ማስገባትም አይሞከር።

ፍሬን ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። በ1996 የመጣው የሺማኖ ቪ ፍሬን ከእሱ በፊት ከነበረው ካንቲሊቨር ፍሬን የበለጠ ገመድ ይስባል፤ ስለዚህ የአንዱ የእጅ ፍሬን ከሌላው ጋር አይሠራም። ዲስክ ፍሬን ካለው ደግሞ ዘይቱን ይለዩ። የሺማኖና የማጉራ ፍሬኖች የማዕድን ዘይት፣ የዚያ ዘመን ሄይስና አቪድ ዶት የሚባለውን የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ። ተሳስቶ የተጨመረ ዘይት ጎሚኒውን ያበላሻል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ማጣት ደግሞ በሕይወት መቀለድ ነው።

ማርሽና ፔዳል

በዚህ በኩል ወሬው መልካም ነው። የሺማኖ የተራራ ብስክሌት ባለ 7፣ ባለ 8 እና ባለ 9 ማርሽ ዲሬይለሮች (ሰንሰለቱን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሸጋግሩት) ገመዱን የሚስቡት በአንድ ልክ ነው፤ ባለ 9 ዲሬይለር ባለ 8 ማርሽ ብስክሌት ላይ ያለ ችግር ይሠራል። የማርሾቹን ቁጥር የሚወስነው የእጅ መቀየሪያው ነው፤ እሱና የኋላው ካሴት ቁጥራቸው መመሳሰል አለበት። ባለ 10ው ግን ልኩ ተለውጧል፤ ከአሮጌው ጋር አይቀላቀልም። ስራምም በዚያ ዘመን የራሱ የሆነ የገመድ ልክ ስለነበረው መቀየሪያውና ዲሬይለሩ ከአንድ ወገን መሆናቸውን ያረጋግጡ።

የፔዳሉ አክስል የሚገባበት ቱቦ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 68 ወይም 73 ሚሊሜትር ነው። ሲፈታ በቀኝ በኩል ያለው ጥርሱ ግራ ስለሆነ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ነው የሚለቀው። ይህን ያላወቀ ሰው ለመፍታት በታገለ ቁጥር ያጠብቀዋል።

ዲሬይለሩን ከፍሬሙ ጋር የምታይዘው ትንሿ ጆሮ ግን ለየፍሬሙ የተለየች ናት። ከተገኘች ብስክሌቱ ሳይሰበር መግዛትና ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ፍለጋው የት ይጀመር?

መጀመሪያ የብስክሌቱን ዓመት ይወቁ። የሺማኖ ዕቃዎች ጀርባ ላይ የታተሙ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይረዳሉ፤ የመጀመሪያው ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ያመለክታል። አቆጣጠሩ በ1976 ከ“ኤ” ይጀምርና በ2001 “ዜድ” ላይ ያበቃል፤ በ2002 እንደገና ከ“ኤ” ይነሳል። “ቲ” እና “ኢ” የታተመበት ዕቃ በግንቦት 1995 የተሠራ ነው። አንድ ዕቃ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሦስቱን ያስተያዩ። ዓመቱ ከታወቀ የአምራቹን የዚያን ዘመን ካታሎግ ማግኘት ይቻላል፤ የአሞርዛተሩና የሴላ ምሰሶው ልክም ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል።

ለአንድ ፍሬም ብቻ የተሠሩ ዕቃዎችን፣ እንደ ጂቲ አይድራይቭ ቀለበት ያሉትን፣ ለማግኘት የሚያዋጣው መንገድ ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ ሌላ ብስክሌት ገዝቶ መፍታት ነው። ፍሬሙ የተሰነጠቀ ለነጂ አይሆንም፤ ለመለዋወጫ ግን ሀብት ነው።

ከሩቅ ሻጭ ሲገዙ የዕቃው ፎቶ ከካሊፐር ጋር እንዲነሳ ይጠይቁ። የፎርኩን እግሮችና የአሞርዛተሩን ዘንግ በቅርብ ይመልከቱ፤ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያበራበት ቦታ ካለ ጎሚኒ ቢቀየርም ዘይት ማንጠባጠቡ አይቀርም።

ይግዙ ወይስ ይተዉ?

ፍሬሙ ጤነኛ ከሆነ፣ የኋላው አሞርዛተር ልክ በገበያ ያለ ወይም የሚታደስ ከሆነ፣ የመሪው ቱቦም የተለመደው ኢንች ከስምንተኛ ከሆነ ይግዙት። ኩሽኔታ፣ ሰንሰለት፣ ካሴት፣ ጎማና የፍሬን ገመድ ሁሉም ይገኛሉ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ዋጋው ያን ሁሉ ድካም የሚክስ መሆኑን ደጋግመው ያስሉ። ሁለቱ ከጎደሉ ለመለዋወጫነት ካልሆነ አይግዙት። የተሰነጠቀ ፍሬም ደግሞ ለመንዳት ከሆነ በስጦታም ቢሆን አይቀበሉ፤ ለልጅዎም አይስጡ።